ከሌላ የሙዚቃ ባህል ሰዎች ጋር አዲስ ሥራ መድረስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክራር የሚጫወት ሰው ከታብላ (የሕንድ ጥንድ ከበሮ) ተጫዋች ጋር ቁጭ ብሎ አዲስ ነገር መሥራት ይፈልጋል። ወይም የጃዝ ፒያኒስት ከኡድ (የዓረብ ባለ አውታር መሣሪያ) ተጫዋች ጋር። ፍላጎቱ ደስ ይላል፣ ጥያቄው ግን ብዙ ነው። ደጋግመው የሚነሱትን ሰብስቤ የማምንበትን መልስ ጽፌያለሁ። የማወራው የቆየ ዜማ በአዲስ መሣሪያ ስለመጫወት አይደለም። ከዚህ በፊት ስላልነበረ፣ ከሁለቱ አንዱ ባይኖር ኖሮ ስለማይፈጠር ሥራ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሬ በፊት የእነሱን ሙዚቃ ምን ያህል ማወቅ አለብኝ?

ሊቅ መሆን አይጠበቅባችሁም። ምንም ሳይሰሙ መሄድ ግን አያዋጣም። ቢያንስ ሙዚቃው እንዴት እንደሚጀምር፣ ምን ሲሆን እንዳለቀ እንደሚታወቅ፣ ማን ማንን እንደሚከተል በጆሯችሁ ለዩ። በዚያ ባህል ምን እንደ ስህተት እንደሚቆጠር ማወቅ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። ለእናንተ ጆሮ ስህተት የመሰለው ለእነሱ ውበቱ ሊሆን ይችላል።

አንድ አጭር ዜማ መርጣችሁ አጥኑ። በመሣሪያ ሳይሆን በአፍ። ጣት የለመደውን መንገድ ብቻ ይሄዳል። ድምፅ ግን እጥፋቱንም፣ መንሸራተቱንም ለመምሰል ይገደዳል።

አሜሪካዊው ስቲቭ ራይሽ በ1970 ጋና ሄዶ የኤዌ ሕዝብ ከበሮ አጠና። ከዚያ በኋላ፣ በ1971፣ የጨረሰው ትልቅ የምት ሥራ ግን በዋናነት ለቦንጎ፣ ለማሪምባ፣ ለግሎከንሽፒልና ለሰው ድምፅ የተጻፈ ነው። የጋናን ከበሮ ድምፅ አልገለበጠም። ይዞት የሄደው ብዙ ሰዎች የተለያየ ምት ይዘው እንዴት አንድ ነገር እንደሚገነቡ ነው። ማጥናት ሲባል እንዲህ ዓይነቱም አለ።

ከምን እንጀምር?

ከትንሽ ነገር። ሁለታችሁም በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ሐረግ ይዛችሁ ኑ። ተለዋወጡ። አንዱ የሌላውን ሐረግ ይያዝና በራሱ ቋንቋ ይመልስ። ከዚህ ልውውጥ ውስጥ ሁለታችሁንም ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ሲወጣ እሱን ያዙት።

ያለቀ ዴሞ ይዛችሁ አትሂዱ። ድራሙ፣ ቤዙ፣ ኮርዱ ሁሉ ተደርድሮ ከመጣ ሌላው ሰው ያለው ምርጫ ክፍተት ፈልጎ መሙላት ብቻ ነው። ሙያተኛ ከሆነ ጥሩ አድርጎ ይሞላዋል፣ እናንተም ደስ ይላችኋል። ግን እሱ አልደረሰም፣ አጀበ እንጂ።

በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር ጠይቁ። ዜማህ የሚያርፈው የትኛው ድምፅ ላይ ነው? መሣሪያህ የማይችለው ምንድን ነው? ማንም ሳያዝህ ስትቀር ምን መጫወት ትወዳለህ? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሥራው መነሻ ይሆናል። ስልካችሁ ደግሞ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይቅዳ። ጥሩው ነገር የሚመጣው መሣሪያ ሲቃኝ ወይም ሻይ ሲጠጣ ነውና።

ድምፃችን አይገጥምም። ምን እናድርግ?

«አይገጥምም» የሚባለው ሁለት የተለያየ ችግር ነው። አንድ ላይ ከተቀላቀሉ ግራ ያጋባሉ።

የመጀመሪያው የመነሻ ድምፅ ጉዳይ ነው። ፒያኖና ጊታር የሚቃኙት ላ 440 ሄርዝ ነው በሚለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ይህ በ1955 እንደ ዓለም አቀፍ ደረጃ ተመክሮ የወጣ ነው። ዋሽንት፣ በትንፋሽ የሚጫወቱት ኔይና ዱዱክ፣ በዱላ የሚመታው የእንጨት መሣሪያ ባላፎን ግን ሲሠሩ የያዙትን ድምፅ ይዘው ይኖራሉ። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው። የማይንቀሳቀሰው መሣሪያ ይመራል፣ የሚቃኘው ይከተላል። ክራሩም፣ ጊታሩም፣ ድምፃዊውም ወደ ዋሽንቱ ይምጡ። ዋሽንት ተጫዋቹ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ዋሽንቶች ካሉት ሁሉንም ያምጣቸው። ሥራው በምን ቁልፍ ይሁን የሚለው ውሳኔ እዚያ ይጀምራል እንጂ ፒያኖው ላይ አይደለም።

ሁለተኛው ችግር ጠለቅ ይላል። በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ይለያያል። ዛሬ ፒያኖ የሚቃኝበት ሥርዓት አንዱን ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) 12 እኩል ቦታ ይከፍላል። ኦክታቩ 1200 ሴንት (የድምፅ ርቀት መለኪያ) ነው ብንል እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ይሆናል። የዓረብ የዜማ ሥርዓት በሆነው ማቃም ውስጥ ራስት የሚባለውን ብንወስድ ሦስተኛው ድምፅ 350 ሴንት አካባቢ ይወድቃል። ፒያኖ 300 አለው፣ 400 አለው፣ በመሐል ምንም የለውም። የጃቫ ጋሜላን (በኢንዶኔዥያ በአብዛኛው ከሚመቱ የብረት መሣሪያዎች የተሠራ ስብስብ) ደግሞ ከዚህም ይርቃል። ስሌንድሮ የሚባለው ሥርዓት አምስት ድምፅ፣ ፔሎግ ሰባት ድምፅ አለው፣ ርቀታቸውም ከአንዱ የጋሜላን ስብስብ ወደ ሌላው ይለያያል። የአንዱን ስብስብ መሣሪያ አውጥቶ ሌላው ውስጥ መክተት አይቻልም።

መውጫው ብዙ ነው። ቀላሉ መንገድ የሚጣሉትን ድምፆች ለባለቤቱ መተው ነው። ፒያኖው ሦስተኛውን ድምፅ ጭራሽ አይንካ፣ መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ይያዝ፣ ኡዱ እንደ ልቡ ይሁን። ሌላው መንገድ ራስን ማስተካከል ነው። ፍሬት የሌላቸው ቫዮሊንና ቼሎ የትም መሄድ ይችላሉ። አሜሪካዊው ሉ ሃሪሰን ሁለቱን ከጃቫ ጋሜላን ጋር ያገናኘ ኮንቸርቶ ጽፏል። ሲንተሳይዘርም ዛሬ አስቸጋሪ አይደለም። በ2024 የወጣው የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም አብልተን ላይቭ 12፣ ለምሳሌ፣ የተለያዩ ቅኝቶችን ይቀበላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጥያቄውን አንድ ጊዜ ገልብጡት። መፋጨቱ እውነት መጥፎ ነው? የባሊ ጋሜላን ሠሪዎች ጥንድ መሣሪያዎችን ሆን ብለው በጥቂቱ አለያይተው ይቃኛሉ። ሁለቱ አብረው ሲመቱ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ነፍሱም እሱ ነው። እዚያ ሄዶ ሁለቱን እኩል ላድርጋቸው ማለት መሣሪያውን መግደል ነው።

የእኛና የእነሱ ድምፆች አንድ ናቸው። ታዲያ ይሄ አይቀልም?

በጣም የሚያታልለው ይሄኛው ነው።

ሜጀር ትዝታን ውሰዱ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ሕንድ ውስጥ ቡፓሊ የሚባለው ራጋ (የዜማ ሥርዓት) እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ይጠቀማል። አምባሰል ደግሞ ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይሆናል። ጃፓን ውስጥ ሚያኮ ቡሺ የሚባለው ስኬል በወረቀት ላይ ያው ነው። ሰው ይህን ሲያውቅ «በቃ ተገናኘን» ይላል።

አልተገናኘም። ሕንድ ውስጥ ራሱ ዴሽካር የሚባል ሌላ ራጋ አለ፣ ድምፆቹ ከቡፓሊ ጋር ቁርጥ አንድ ናቸው። ሕንዳዊ አድማጭ ግን አያምታታቸውም። ቡፓሊ ሚ ላይ ይከብዳል፣ ዴሽካር ላ ላይ። ዴሽካር ከላይኛው ክፍል ብዙ አይወርድም። አካሄዱ፣ ማረፊያው፣ ቸኩሎ የሚያልፈው ድምፅ ሁሉ ሌላ ነው። በአንድ ባህል ውስጥ እንኳ እንዲህ ከሆነ በሁለት ባህል መካከል ምን ያህል እንደሚሰፋ አስቡት።

ስለዚህ የጋራ ድምፆች መግቢያ በር ናቸው፣ ቤቱ አይደሉም። እኔ የምወደው ልምምድ አለ። ሁለታችሁም በየተራ በእነዚያ አምስት ድምፆች ብቻ ለሁለት ደቂቃ ተጫወቱ። ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ይስማ። የት ቆየ? የትኛውን ነክቶ አለፈ? የትኛውን አንቀጠቀጠ? ከዚያ ልዩነቶቹን ጻፉ። ለድርሰት የሚሆነው ጥሬ ዕቃ ያ ዝርዝር ነው። አንድ ድምፅ ለአንዳችሁ ማረፊያ፣ ለሌላው መሸጋገሪያ ከሆነ እዚያ ላይ አንድ ሙሉ ክፍል መጻፍ ይቻላል።

እኛ በ6/8 እንጫወታለን፣ እነሱ በ7 ይቆጥራሉ። እንዴት አንድ ላይ እንሂድ?

መቁጠር ይረዳል፣ ግን አይበቃም። 6 እና 7 በየ42ቱ ይገናኛሉ። ባለ 6ቱ ሰባት ጊዜ ሲዞር ባለ 7ቱ ስድስት ጊዜ ይዞራል፣ ከዚያ አብረው ይወድቃሉ። ያ መገናኛ በደንብ ከተዘጋጀ አድማጭ ባይቆጥርም ይሰማዋል። ይህን መንገድ ብትመርጡ ከሁለቱ አንዱ ቀለል ያለ ነገር ይያዝ። ሁለቱም ከተወሳሰቡ ጫጫታ ነው።

ትልቁ ጉዳይ ግን «አንድ» የት ነው የሚለው ነው። ጭብጨባ የሚወድቅበት ቦታ በሁሉም ዘንድ መጀመሪያው አይደለም። በሕንድ ሩፓክ የሚባለው ታል (የምት ዑደት) ባለ 7 ነው፣ 3፣ 2፣ 2 ተብሎ ይከፈላል። የመጀመሪያው ምት አይጨበጨብም፣ እጅ ተገልብጦ በባዶ ይታለፋል። አክሳክ የሚባለው የቱርክ ምት ባለ 9 ነው፣ 2፣ 2፣ 2፣ 3 ሆኖ ይሄዳል፣ የመጨረሻው እግር ረዘም ይላል። በምዕራብ አፍሪካ በሰፊው የሚታወቀው የደወል ምት በ12 ውስጥ 7 ጊዜ ይመታል፣ ከበሮዎቹና ጨፋሪዎቹ ደግሞ በሱ ላይ ሌላ ምት ይሸከማሉ። አንዱ «ከአንድ እንጀምር» ሲል ሌላው የሚሰማው ሌላ ቦታ ነው። ልምምዱ ሦስት ጊዜ ከተበላሸ ማንም አልተሳሳተም ይሆናል።

መፍትሔው በአካል መማር ነው። የእነሱን ዑደት በእግራችሁ እየረገጣችሁ የራሳችሁን ዜማ በአፍ በሉ። እነሱም የእናንተን ጭብጨባ ይዘው የእነሱን ይበሉ። ጊዜ ይወስዳል። ግን ይህን የዘለለ ሥራ ስትሰሙት ወዲያው ታውቁታላችሁ። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይጫወታሉ እንጂ አብረው አይጫወቱም።

ሜትሮኖምም ይታሰብበት። በብዙ ባህል ፍጥነቱ እየጨመረ መሄዱ የሙዚቃው ታሪክ ነው። የሰሜን ሕንድ ክላሲካል ከዝግታ ተነስቶ ወደ ፈጣን ይሄዳል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ክሊክ ላይ ካሰራችሁት ታሪኩን ወሰዳችሁበት።

በነገራችን ላይ «ሕንድ» ማለትም አንድ ባህል አይደለም። በ1970ዎቹ ሻክቲ በሚባለው ቡድን ውስጥ ከእንግሊዛዊው ጊታሪስት ጆን ማክላፍሊን ጋር የሰሜኑ ታብላ ተጫዋች ዛኪር ሁሴንና የደቡቡ የጋታም (የሸክላ እንስራ ምት መሣሪያ) ተጫዋች ቪኩ ቪናያክራም ነበሩ። የሰሜንና የደቡብ ሙዚቃ የራሳቸው ስልት፣ የራሳቸው ቃላት አላቸው። እንግሊዛዊው ከሕንዶቹ ጋር የተገናኘበትን ያህል ሕንዶቹም እርስ በርስ ተገናኝተዋል።

ኮርድ እንጨምርበት?

ተጠንቀቁ። በአንድ የማረፊያ ድምፅ ላይ የተገነባ ዜማ የራሱ ስበት አለው። ኮርድ ስትጨምሩ ሌላ ስበት ታመጣላችሁ፣ ዜማው ወዴት መሄድ እንዳለበት ኮርዱ መናገር ይጀምራል። ብዙ ሥራ «ለስላሳ» ሆኖ የሚቀረው በዚህ ነው።

ከኮርድ በፊት ሌሎችን ሞክሩ። ሳይንቀሳቀስ የሚቆይ አንድ ዝቅተኛ ድምፅ። ሁሉም አንዱን ዜማ በየራሱ ጌጥ ሲጫወተው የሚፈጠረው ውፍረት። መልስ የሚሰጥ ሁለተኛ ዜማ። እነዚህ ካልበቁ ኮርዱ ይምጣ፣ ግን ዜማው የሱ የሆነው ሰው እየሰማ። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ተምሮ በ1960ዎቹ የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝና ከላቲን ጋር ሲያገናኝ ሃርመኒ አልራቀም። ቅኝቱ ግን ከፊት ነው፣ በግልጽ ይሰማል። ከእሱ ሥራ ልትማሩ የምትችሉት ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ከመካከላችን አንዱ ኖታ አያነብም።

ችግር የለውም። ከታላላቆቹ ብዙዎቹ የተማሩት በጆሮ ነው። ሐረግ በሐረግ ተቀባበሉ፣ ቅዱት፣ ቤት ወስዳችሁ ስሙት። ለክፍሎቹ ቅደም ተከተል ብቻ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ለጥፉ።

በአፍ የሚባሉ የምት ፊደላትን እንዳትንቁ። የታብላ ተጫዋች 16 ምት ያለውን ቲን ታል «ዳ ዲን ዲን ዳ» እያለ ሙሉውን በአፉ ይዞታል። ያ የተሟላ ሥርዓት ነው፣ ለእናንተም ይጠቅማል። በተቃራኒው ወረቀት ካላየ እጁ የሚታሰር ክላሲካል ተጫዋች ካለ ጻፉለት። እንደዚያ ሠልጥኗል፣ ክብሩ ይጠበቅለት።

የጋራ ቋንቋ ከሌለንስ?

ለመጫወት ብዙም አያስቸግርም። ለመወሰን ግን ያስቸግራል። ስለ ገንዘብ፣ ስለ መብት፣ ስለማይወዱት ነገር ሲወራ አስተርጓሚ ይኑር። በፈገግታና በምልክት የተስማማችሁት ስምምነት በኋላ ያጣላል።

እውነተኛ ትብብር ይሁን ጌጥ እንዴት አውቃለሁ?

የተባባሪያችሁን ድምፅ ከቅጂው አጥፉና ስሙት። ሥራው ምንም ሳይጎድልበት ከቆመ እሱ ጌጥ ነበር። ከዚያ ደግሞ እነዚህን ጠይቁ። ቁልፉን ማን መረጠ? ፍጥነቱን ማን ወሰነ? መጨረሻውስ የማን ሐሳብ ነው? ሁሉም መልስ አንድ ሰው ከሆነ ሌላው ተቀጥሯል።

ሁልጊዜ እኩል ለእኩል ይሁን ማለቴ አይደለም። የማሊው አሊ ፋርካ ቱሬና አሜሪካዊው ራይ ኩደር በ1994 አብረው ባወጡት አልበም ላይ ማዕከሉ አሊ ነው። ኩደር፣ ትልቅ ስም ይዞ፣ ከጎን ሆኖ ያዳምጣል። ማን እንደሚመራ ግልጽ ሆኖ ሁለቱም ከተስማሙ ያ ትብብር ነው። የሚያሳዝነው መሪው አንድ ሆኖ ፖስተሩ ላይ «የሁለት ዓለም ግንኙነት» ሲባል ነው።

ምን ያህል ጊዜ ያስፈልጋል?

ካሰባችሁት በላይ። አንድ ከሰዓት ተገናኝቶ ማታ መድረክ መውጣት ይቻላል፣ ግን የሚወጣው ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። ከቻላችሁ ለተወሰኑ ቀናት አንድ ቦታ ኑሩ። በ2011 የተመሠረተው ናይል ፕሮጀክት የናይል ተፋሰስ አገሮችን ሙዚቀኞች በ2013 አስዋን ላይ ሲሰበስብ ያደረገው ይህንን ነው። አብሮ መብላትና መሰላቸት የሥራው አካል ነው።

ርቀት ላይ ነን። በኢንተርኔት አብረን መጫወት እንችላለን?

በአንድ ከተማ ካላችሁ ምናልባት። በሁለት አህጉር ከሆናችሁ በተመሳሳይ ሰዓት ጥብቅ ምት መጫወት አትችሉም፣ ምክንያቱም ፊዚክስ ነው። መዘግየቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ካለፈ ተጫዋቾች አንዱ አንዱን እየጠበቀ ሙዚቃው ይጎተታል። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። 6,000 ኪሎ ሜትር ላይ ላለ ሰው መሄጃው ብቻ 30 ሚሊሰከንድ ነው። ኮምፒውተሩና መስመሩ የሚጨምሩት አልተቆጠረም። ጃክትሪፕን የመሰሉ ፕሮግራሞች መዘግየቱን ይቀንሳሉ፣ ርቀቱን ግን አያጠፉም።

ስለዚህ ፋይል ተለዋወጡ። 24 ቢት፣ 48 ኪሎሄርዝ፣ ዌቭ። ሁሉም ፋይል ከዜሮ ይጀምር፣ ተጫዋቹ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ቢገባም። ምንም ኢፌክት ያልተጨመረበትን ቅጂ ላኩ። መጀመሪያ የሚቀዳው ሰው በየጊዜው ይቀያየር። ሁልጊዜ አንዱ ከጀመረ ሁልጊዜ ሌላው ተከታይ ነው።

ዝግ ያለ፣ ምት የሌለው ክፍል ግን በቀጥታም ይሠራል። መዘግየቱን ታሳቢ አድርጋችሁ ጻፉት።

ስቱዲዮ ስንገባ ምን ይታሰብ?

ድምፁ የማይጮኽ መሣሪያ ከድራም ጋር አንድ ክፍል አታስገቡ። መሰንቆን ወይም በገናን በማጉላት ልትጠግኑት አትችሉም፣ ማይኩ ድራሙንም አብሮ ያጎላል። ሚክስ ሲደረግም የመሣሪያው ባለቤት ይገኝ። የበገና አውታር የሚነዝረው ሆን ተብሎ ነው። የማያውቅ ኢንጅነር እንደ ጉድለት አይቶ ሊያጸዳው ይችላል።

መብቱ የማን ነው? እንዴት እንካፈል?

ሰው የሚያፍርበት ጥያቄ ይህ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ። አንዱ የድርሰቱ ነው፣ ዜማውና ግጥሙ። ሌላው የቅጂው ነው፣ ያ የተቀዳው ድምፅ። ለስቱዲዮ ቀን ክፍያ የተቀበለ ሰው ዜማ ከፈጠረ በብዙ አገር የደራሲነት ድርሻው በክፍያው ብቻ አይጠፋም፣ በጽሑፍ ካልተስማማ በስተቀር። አንድ ሰው ቅጂው ላይ ያለ ዝግጅት ያወጣው ዜማ የሥራው መለያ ከሆነ እሱ ደራሲ ነው። «እሱ እኮ እየተጫወተ ነው ያመጣው» የሚባለው ሰበብ አይሠራም። ብዙ የሙዚቃ ባህል የሚደርሰው እየተጫወተ ነው።

የደቡብ አፍሪካው ሰለሞን ሊንዳ በ1939 «ምቡቤ» የሚለውን ዘፈን ቀዳ። ዜማው አሜሪካ ደርሶ፣ ተቀይሮ፣ በ1961 ዓለምን ያዳረሰ ዘፈን ሆነ። ሊንዳ ግን በ1962 በድህነት ሞተ። ቤተሰቦቹ ስምምነት ላይ የደረሱት በ2006 ነው። በመካከሉ ከ40 ዓመት በላይ አለፈ። ይህን ታሪክ እያወቀ ወረቀት የማይጽፍ ሰው ምን ምክንያት እንዳለው አይገባኝም።

ስለዚህ ሥራው ቅርፅ በያዘበት ቀን፣ ገንዘብ ሳይመጣ፣ አንድ ገጽ ጻፉ። የሥራው ስም፣ የእያንዳንዱ ሰው ሕጋዊ ስም፣ በድርሰቱ ላይ ያለው ድርሻ በመቶኛ፣ በቅጂው ላይ ያለው ድርሻ በመቶኛ፣ ለማስታወቂያ ወይም ለፊልም ሲጠየቅ ማን እንደሚፈቅድ። ሁሉም በሚያነበው ቋንቋ ይሁን። ካልተስማማችሁ በእኩል ተካፈሉ። እያንዳንዱ ሰው ድርሻውን በአገሩ ባለው የቅጂ መብት ማኅበር ያስመዝግብ፣ ካለ።

የሕዝብ ዜማ መነሻ ካደረጋችሁ ደግሞ ዜማው ከየት እንደመጣና ማን እንዳስተማራችሁ ጻፉ። ባለቤት የለውም ብሎ የራስን ስም ብቻ መጻፍ ሕግ ባይከለክለው እንኳ ነውር ነው።

የእምነት ዜማ መጠቀም ይቻላል?

የአምልኮ ወይም የሥርዓት ዜማ ከሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ሙዚቀኛውን ብቻ ሳይሆን ዜማው የሚኖርበትን ማኅበረሰብም። ሙዚቀኛው እሺ ቢልም በኋላ አገሩ ሲመለስ የሚወቀሰው እሱ ነው። «አይሆንም» ከተባላችሁ ተውት። ተመሳሳይ ዜማ ሠርቶ መመለስም መፍትሔ አይደለም።

ተባባሪያችን በሌለበት መድረክ ላይ ልንጫወተው እንችላለን?

ይህንን ከእሱ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከተስማማ ከዚያው ባህል ሌላ ተጫዋች ጋብዙና የራሱን እንዲያመጣ ቦታ ስጡት፣ የተቀዳውን ነጥብ በነጥብ እንዲደግም አታስገድዱት። ወይም ለቀሩት ሰዎች አዲስ ቅንብር ሥሩ። የሱን ድምፅ ከኮምፒውተር እያጫወቱ ከላዩ መጫወትን ግን አልመክርም። ዜማው የተፈጠረው በመተያየትና በመመላለስ ነው፣ ቅጂ ደግሞ ለተጫወታችሁት አይመልስም። የሥራው ልብ እሱ የሚመራው ክፍል ከሆነ ያን ሥራ ለሚመጣበት ቀን አቆዩለት፣ በዚያ ምሽት ሌላ ተጫወቱ።